«ቅንጦት» የተባለው ፀረ ኦክሲዳንት

የእንስሳት ሐኪሟ፦ ትናንት እዚህ «በኮርማ የወንዴ ዘር በኩል ባዕድ ዘረመል ወደ ጥጃው ለማስገባት ሲሞከር ፀረ ኦክሲዳንት መጨመር የሀብታም ቤተ ሙከራ ቅንጦት ነው» ተብሎ ተጽፏል። ዝም ብዬ አላልፈውም። ፀረ ኦክሲዳንት ማለት እኮ ሴልን ከኦክስጅን ጉዳት የሚጠብቅ ነገር ነው። ዘሩ ባዕዱን ዲኤንኤ እንዲቀበል መጀመሪያ ከአባላዘሩ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ፈሳሹ ዲኤንኤውን አያስጠጋምና። ነገር ግን ካታሌዝን የመሳሰሉት ጠባቂ ኢንዛይሞች ያሉትም እዚያው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ጋሻውን ከገፈፉት በኋላ ሌላ ጋሻ መስጠት ቅንጦት ነው?

ተመራማሪው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌንም አላጥፍም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 በዚህ ዘዴ በአይጥ ተገኘ የተባለውን ውጤት ሌሎች ሞክረው አላገኙትም። ዘዴው ራሱ ሳይጸና ቫይታሚን ኢን የመሰለ ፀረ ኦክሲዳንት ምን ያደርጋል?

ሐኪሟ፦ የጠየቅሁህ ስለ ዘዴው አይደለም፣ «ቅንጦት» ስላልከው ነው። የዘሩ ሽፋን ኦክስጅን ቶሎ የሚያበላሸው ስብ ይበዛበታል። ሳይቶፕላዝሙን አራግፎ የወጣ ሴል ስለሆነ የራሱ መከላከያም እጅግ ትንሽ ነው። ጉዳቱ ዲኤንኤው ድረስ ከዘለቀ ፅንስ ቢያዝ እንኳን ሊጨነግፍ ይችላል።

ተመራማሪው፦ መጠኑን ለምን ዘለልሽው? ዘሩ እንቁላሉ ውስጥ ለመግባት የሚዘጋጀው ሲበዛ በሚጎዳው በዚያው ኦክሲዳንት፣ በጥቂቱ ሲሆን፣ ጭምር ነው። ሁሉንም ካጠፋሽበት ሳይዘጋጅ ይቀራል።

አዳቃዩ፦ እውነት ነው። ታዲያ «መጠኑ ይለካ» አይባልም ነበር?

የሰላሌው አርቢ፦ ሁለት ጊደሮቼ ዘንድሮ ሦስት ሦስት ጊዜ ተዳቅለው ባዶ ናቸው። ዘሩን በረዶ አድርጎ የሚያቆየው ፈሳሽ ናይትሮጅን መንገድ ላይ አልቆ እንደሆነ ማን ይነግረኛል? መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

አዳቃዩ፦ ጋሼ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የነበረው ዘር ናይትሮጅኑ ከጎደለበት ምንም ቫይታሚን አያድነውም። ግን ድራቷን፣ ኮርማ መፈለጓን፣ መቼ አዩ? ጠዋት የታየችው ማታ፣ ማታ የታየችው ጠዋት ነው የምትዳቀለው።

አርቢው፦ ጥፋቱን ወደ እኔ አታዙር! ጠዋት አይቼ ጠዋት ደወልኩ። የተመጣው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ የእርስዎም ጉዳይ ከዚሁ ይገባል። ዘሩ ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥም ከሚደርስበት ጉዳት አንዱ ያው የኦክስጅን ጉዳት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ቃሉን አንሳ።

ተመራማሪው፦ አላነሳም። ናይትሮጅን በማይዳረስበት አገር ቅንጦት ነው።

አዳቃዩ፦ ትናንት «የሀብታም ቤተ ሙከራ» ነበር ያልከው፤ ዛሬ አገር ሆነ። የትኛውን እንመልስልህ?