የቴሎሜሬዝ አንቲቦዲ፦ ባንዱስ መጣ፣ ግን የማን ነው?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴን ሐዋሳ እየሠራሁ ነው። በካንሰር ሴሎችና በስቴም ሴሎች ውስጥ ቴሎሜሬዝን (የክሮሞዞም ጫፍ የሆነውን ቴሎሜር የሚያረዝመውን ኢንዛይም) በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳየው ዘዴ) ለማሳየት አስቤ፣ ተርት የሚባለውን የኢንዛይሙን ዋና ፕሮቲን ይይዛል የተባለ አንቲቦዲ ከውጭ አስመጣሁ። ሁለት ወር ጠበቅኩ! ሂላ በሚባለው የካንሰር ሴል ላይ ደማቅ ባንድ (መስመር) ሳይ ደስ አለኝ። ግን 127 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ መሆን ሲገባው 110 ላይ ነው። ይባስ ብሎ ዩ2ኦኤስ በሚባለው የአጥንት ካንሰር ሴል ላይም፣ ከአጥንት መቅኒ በወጡት ሜሴንካይማል ስቴም ሴሎች ላይም ያው ባንድ አለ። መብራት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበር። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ የምገዛበት ብር የለኝም።

መልስ 1፦
እህቴ፣ ፍሪዘሩን ተይው። የተበላሸ አንቲቦዲ ባንድ ያደበዝዛል እንጂ እንዲህ ጥርት ያለ አያወጣም። ዩ2ኦኤስን ማስገባትሽ ጎበዝ ያሰኝሻል፤ ያ ሴል ቴሎሜሩን የሚያረዝመው ያለ ቴሎሜሬዝ፣ ኤኤልቲ በሚባል ሌላ መንገድ ነው። ተርት በሌለበት ባንድ ከመጣ፣ የተያዘው ሌላ ፕሮቲን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረ አንድ የተርት አንቲቦዲ በእውነቱ የሚይዘው ኑክሊዮሊን የሚባል ሌላ ፕሮቲን እንደሆነ ታይቷል። ኑክሊዮሊን ደግሞ ብሎት ላይ 100 እና 110 መካከል ነው የሚቀመጠው። ያንቺም እሱ ነው ብዬ አልምልም፣ ግን ይሸተኛል።

መልስ 2 (አዳማ)፦
ፕሮቲኑን እጥፍ አድርገሽ ብትጭኚስ? እውነተኛው 127 ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ በአንድ የካንሰር ሴል ውስጥ ያለው ቴሎሜሬዝ እኮ በመቶዎች የሚቆጠር ሞለኪውል ነው። እጥፍ ብትጭን የሚደምቀው የውሸቱ ባንድ ነው። መጀመሪያ በሌላ አንቲቦዲ ጎትቶ ማጠራቀም ካልተቻለ አይታይም።

መልስ 3፦
ጥያቄሽ «ኢንዛይሙ ይሠራል ወይ» ከሆነ ብሎቱን ትተሽ ወደ ትራፕ ሂጂ። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ዘዴ ነው፤ የሴሉ ቴሎሜሬዝ አንዲት አጭር ዲኤንኤ ላይ ስድስት ስድስት ፊደል ይቀጥላል፣ አንቺ በፒሲአር ታባዢዋለሽ፣ ጄል ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። በኤስዲኤስ (ፕሮቲን በሚፈታ ጠንካራ ዲተርጀንት) ያፈላሽውን የብሎት ናሙና ግን እንዳትጠቀሚ፣ ኢንዛይሙ ሞቷል። ሴሎቹን በለስላሳ ዲተርጀንት፣ በረዶ ላይ ክፈቺ። ከየናሙናው ጥቂት ወስደሽ በ85 ዲግሪ 10 ደቂቃ አሙቂው፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ስለሚገድል መሰላሉ ካልጠፋ ውጤቱን አትመኚ። አርኤንኤው የኢንዛይሙ አካል ስለሆነ አርኤንኤዝ (አርኤንኤን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ከነካው አለቀ፣ ጓንትሽን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ሌላ ደግሞ፣ ሜሴንካይማል ሴሎች ቴሎሜሬዛቸው እዚህ ግባ አይባልም። ባዶ ቢወጣ አትደንግጪ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ፒሲአር ማሽን አለን። ሰኞ አማካሪዬን አናግረዋለሁ። ያንን ባንድ በትልቁ አሳትሜ ላብ በር ላይ የሰቀልኩትን ፖስተር ግን ዛሬውኑ፣ ሰው ሳይገባ ላውርደው።