ሶሉ ተገንጥሏል፣ ከማማው እንዴት እንውረድ?

ሳሮን፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማማው ላይ ነን። የቀኝ ጫማዬ ሶል ከጣቴ በኩል እስከ መሃል አፉን ከፍቷል፣ ስራመድ እየተጠለፈ ሊጥለኝ ነው። ማስቲሽ የለንም። እህቴ በካልሲ ውረጂ ትላለች። ጫማው ደግሞ አዲስ ነው ማለት ይቻላል!

ኪያ፦ የቱ ማማ?

ማሙሽ የኤቨረቱ፦ እዚያ ላይ ሊስትሮ የለም እንዴ?

ሳሮን፦ ፒልቸክ ተራራ ጫፍ ያለው ነዋ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ከግራናይት ፎልስ ከተማ በላይ። ቀልዱ ይቆየኝ።

ጋሽ ደሬ፦ ልጆቼ፣ ተራራ እንደ ገበያ አይወጣም። እዚያ ጫፍ ላይ ማማ የቆመው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። የደን እሳት ጠባቂው ሰመሩን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ጭስ ያይ ነበር፤ ጫማው ቢቀደድ ራሱ ይሰፋል እንጂ ማንን ይጠይቃል? እናንተ 1,623 ሜትር ላይ ወጥታችሁ መርፌና ክር እንኳ አልያዛችሁም። ውሃስ? ባትሪስ? ክብሪትስ?

ቤቲ፦ ጋሼ፣ ምክሩ ሲወርዱ ይደርሳል። ሳሮን፣ ወፍራሙን ግራጫ ፕላስተር ጠምጥሚበት።

ሳሮን፦ ፕላስተርም የለንም።

ኪያ፦ አጠገብሽ ያሉትን ጠይቂ፣ ኮዳቸው ላይ ጠምጥመው የሚይዙ አሉ።

ዳዊት ሬንተን፦ አዲስ የምትዪው ስንት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ነው? ከጎማው በላይ ያለው ለስላሳ ፎም ፖሊዩረቴን ከሆነ፣ ሳይደረግ ቁጭ ባለበት የአየሩ እርጥበት ብቻ ይበላዋል። ጥፍርሽን ስትጫኚበት እንደ ደረቅ አይብ ከተፈረፈረ ማስቲሽም ቢኖርሽ አይዝም፣ የሚጣበቅበት ነገር ራሱ ፈርሷል። ግራውም እኩያው ነው፤ ሳይከፈት አሁኑኑ እሰሪው።

ሳሮን፦ ከሠርጌ በፊት የገዛሁት ነው፣ ግን አላደረግኩትም እኮ!

ማሙሽ የኤቨረቱ፦ ቁጭ ብሎ ነዋ የሞተው።

ብሌን፦ ሳሮንዬ፣ የጃኬትሽን ኮፍያ ገመድ ምዘዢው፣ የእህትሽንም ጨምሪ። በሶሉ ስር አሳልፈሽ ከላይ አጣምሪና ቁርጭምጭሚትሽ ላይ እሰሪው፣ ቋጠሮው ከላይ ይሁን። አንዱ ዙር ከተረከዙ ፊት ባለው ጎድጓዳ ይለፍ፣ እዚያ ድንጋይ ብዙም አይነካውም። ጣትሽ ጋ ያለው ግን ቶሎ ይበላል፣ ትርፍ ያዢ። ወፍራም ካልሲ ካለሽ ከጫማው በላይ አልብሺው፣ ያንጠለጠለውን ይሰበስብልሻል። ሶሉን ገንጥለሽ እንዳትጥዪው፣ ከስሩ ያለው ልሙጥ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ያንሸራትትሻል። መሰላሉን ፊትሽን ወደ መሰላሉ አድርገሽ ውረጂ።

አቤል፦ እንደ ግራጫው ፕላስተር የሚሆን የለም።

ቤቲ፦ ከላይ ያለውን አንብብ እንጂ።

ሳሮን፦ ገመዱን እየሞከርኩ ነው። ጉም መጣ ደግሞ።

ብሌን፦ ጉም ከሆነ ትላልቆቹ ድንጋዮች ጋ አቋራጭ ብላችሁ እንዳትገቡ፣ ሰው የሚጠፋው እዚያ ነው። ከምልክት ወደ ምልክት ብቻ ሂዱ። ቀጣዩ ካልታያችሁ ተመለሱና ማማው ውስጥ ቆዩ፣ ጣራም ግድግዳም አለው። ስልካችሁ ሳይሞት 911 ደውሉ። የሚመጡት ነፍስ አድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ሒሳብ አይልኩም።

አቤል፦ 911 ለጫማ?

ብሌን፦ ለጫማ ሳይሆን ለቁርጭምጭሚት። ሲሰበር ነው የሚደወለው?

ጋሽ ደሬ፦ መርፌ ቢይዙ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዳዊት ሬንተን፦ ጋሼ፣ የተፈረፈረ ፎም በመርፌ አይሰፋም።

ጋሽ ደሬ፦ የኛ ጊዜ ጫማ ቆዳ ነበር።

ቤቲ፦ ሳሮን፣ ወረዳችሁ?

አቤል፦ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ፒልቸክ የሚሄድ መኪና ካለ አንድ ቦታ ያዙልኝ።

ማሙሽ የኤቨረቱ፦ እኔ እሄዳለሁ። መኪና ውስጥ ግን ቦርሳ አይቀርም፣ እዚያ መስታወት ይሰብራሉ።

ቤቲ፦ ሳሮን?