የጃፓን ማጣፈጫ በሰፈራችን ሱቅ፦ ደብዳቤውን አብረን እናርም

ፀሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ላሉ ሚኒ ማርኬቶችና ለሸማቾች ሱቁ በማህበራችን ስም የምናስገባው ጥያቄ ረቂቅ ይኸው። በትዕዛዝ ምግብ የምትሠሩም፣ ለቤታችሁ የምታበስሉም፣ ለአንድ ጠርሙስ ሶያ ሶስ ታክሲ እየቀያየሩ ቦሌ መሄድ ሰልችቶናል ብላችኋል። ስለዚህ የጻፍኩት ይህን ነው፦ ሶያ ሶስ፣ ሚሶ (የተብላላ የአኩሪ አተር ሊጥ)፣ ሚሪን (ለማብሰያ የሚሆን ጣፋጭ የሩዝ ወይን)፣ የሩዝ ኮምጣጤ፣ ኖሪ (ሱሺ የሚጠቀለልበት ስስ የባሕር አረም)፣ ኮምቡ (ለመረቅ የሚሆን ወፍራም የባሕር አረም)፣ የዳሺ ዱቄት (ፈጣን የመረቅ ዱቄት)፣ የሱሺ ሩዝ፣ ዋሳቢ (የሚያቃጥል አረንጓዴ ማጣፈጫ)፣ ፓንኮ (ለመጥበሻ የሚሆን የዳቦ ፍርፋሪ)፣ የተቆላ ሰሊጥ። ጨምሩ፣ ቀንሱ።

ብሎክ 32፦
እኔ የምቀንስ ነኝ። ይህን ሁሉ ያየ ባለሱቅ ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ግማሹ እኮ እጃችን ላይ አለ። የሁመራ ሰሊጥ ባሕር ተሻግሮ በሚሸጥበት አገር ተቀምጠን የተቆላ ሰሊጥ አስመጡልን እንበል? ምጣድ ላይ ማመስ ነው። ፓንኮም ደረቅ ያለ ነጭ ዳቦ ነው፤ ቅርፊቱን አንስቶ በሰፊው መፈቅፈቂያ መፈቅፈቅ። በቱቦ የሚሸጠው ዋሳቢ ደግሞ አብዛኛው ሆርስራዲሽ (የሚያቃጥል ሥር) እና ሰናፍጭ ነው፣ አረንጓዴ ቀለም ተጨምሮበት። ሰናፍጭ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ይውጣ።

ሂሳብ ሹም፦
እስማማለሁ። ባለሱቆቹንም እንረዳቸው። በ2015 ጥቅምት ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ ሲከለከል ብዙ የታሸገ ምግብ ከመደርደሪያ ጠፍቶ ነበር። በሐምሌ 2016 ክልከላው ተነሳ። ግን ያኔውኑ የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ዋጋው ናረ። አሁን ባለሱቁ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ አምጥቶ ሳይሸጥ ጊዜው እንዲያልፍበት አይፈልግም። ደብዳቤው ይህን ካልመለሰ ልመና ብቻ ይሆናል።

ብሎክ 18፦
የዳሺ ዱቄቱን ግን እንዳታወጡብኝ። አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ መበተን ነው፣ ሾርባው አለቀ። ኮምቡ ማን ሲዘፈዝፍ ይውላል? ለትዕዛዝ የሚሠራ ሰው ጊዜ የለውም።

ብሎክ 7፦
ልጄ፣ ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ አንብበሻል? አብዛኛው ካትሱኦቡሺ አለበት። ታጥኖ የደረቀ ዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንጀምረው፣ አናልቅም። ግን ረቡዕ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ። ደንበኞችሽ ከዓመቱ ምን ያህሉን እንደሚጾሙ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ኮምቡ የባሕር ተክል ነው፣ ከጾሙ ጋር አይጣላም። በጃፓን የቡድሃ ገዳማት ምግብ ዓሣም ሥጋም የለውም፤ መረቁን የሚያወጡት ከኮምቡና ከደረቀ የሺታኬ እንጉዳይ ነው። እኔ የጃፓን ምግብ የወደድኩት በዚህ ነው። የጾም ወጥ በቃኝ ስል ሚሶ ሾርባ ከቶፉ (ከአኩሪ አተር አይብ) ጋር አለልኝ።

ብሎክ 18፦
እሺ እትዬ፣ ተሸነፍኩ። አሠራሩን ግን እዚሁ ይጻፉልን።

ብሎክ 7፦
ለ1 ሊትር ውሃ ወደ 10 ግራም ኮምቡ። ላዩ ላይ ያለው ነጭ ነገር ሻጋታ አይደለም፣ ጣዕሙ ነው፤ አትጠቢው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ቢያድር ደግሞ የተሻለ። ከዚያ በቀስታ አሙቀሽ መፍላት ሊጀምር ሲል አውጪው፤ ከፈላ ይዝለገለጋል። ሺታኬው በቀዝቃዛ ውሃ ይደር። ሁለቱን መረቅ ስትቀላቅያቸው ዱቄቱን ትረሺዋለሽ። ሚሶውን እሳት ካጠፋሽ በኋላ በጥብጪበት፣ እንዳይፈላ። እ.ኤ.አ. በ1908 ኢኬዳ ኪኩናኤ የሚባል የቶኪዮ ኬሚስት ግሉታሜት የተባለውን ጣዕም ሰጪ ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣው ከዚሁ ኮምቡ ነው። አጂኖሞቶ የሚባለው ነጭ ዱቄት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብሎክ 51፦
ሚሪንም ይውጣልኝ። እውነተኛው ሚሪን 14 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። እኛ ቤት አይገባም፣ የብዙ ደንበኞቼም ቤት እንደዚሁ። እኔ ለቴሪያኪ (በሶያ ሶስ ለሚሠራው ጣፋጭ ስጎ) ስኳር በትንሽ ውሃ አሟሟለሁ፤ ለ1 የሾርባ ማንኪያ ሚሪን 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል። የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ደብዳቤው ላይ ይግባ፦ አንዳንድ ሚሶና ሶያ ሶስ ውስጥም እንዳይበላሽ ተብሎ አልኮል ይጨመራል። የሌለበት ቢመጣልን።

ብሎክ 32፦
ተገቢ ነው። ስለ ሶያ ሶስ ካነሳን፣ "ሶያ ሶስ" ብቻ ተብሎ አይጻፍ። ወፍራሙንና ጣፋጩን አምጥተው ይሄው ይሉናል። ጀርባው ላይ ውሃ፣ አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ ጨው የሚል ይሁን፣ ሌላ ባይጨመርበት ይመረጣል። በወራት የሚብላላውና በፋብሪካ በአሲድ ተፈጭቶ ካራሜል ቀለም የሚጨመርበት በጣዕም አይገናኙም።

ብሎክ 44፦
ሚሶውን ለምን ራሳችን አንሠራም? አኩሪ አተር አገር ውስጥ ሞልቷል። ጠላና ጠጅ የሚጠምቅ ሕዝብ ሚሶ ያቅተዋል?

ብሎክ 7፦
አያቅተውም። ግን ኮጂ የሚባለው የተመረጠ ሻጋታ ያስፈልጋል። እቤት በራሱ የበቀለ ሻጋታ ኮጂ አይሆንም፣ መርዛማም ሊሆን ይችላል። የኮጂውን ዘር ካገኘን በሌላ ቀን እናውራ።

ብሎክ 60፦
ለሥልጠና ጃፓን ቆይቼ ነው የመጣሁት። ስለ ሩዙ ልናገር። ባስማቲ ይዞ ኦኒጊሪ (በእጅ የሚጨበጥ የሩዝ ድቡልቡል) ለመጠቅለል የሚታገል ሰው እዚህ አላጣም፤ አይያዝም። አጭሩ ፍሬ አሚሎስ የሚባለው የስታርች ዓይነት ስለሚያንሰው ነው የሚጣበቀው። ግን በኪሎ ውድ የሆነውን የሱሺ ሩዝ ከማስመጣት በፊት ሁለት ነገር እንሞክር። አንደኛው የግብፅ ሩዝ የሚባለው ነው፤ እሱም ጃፖኒካ፣ ማለትም እንደ ጃፓኑ አጭር ፍሬ ያለው ዝርያ ነው። ሌላው የራሳችን የፎገራ ሩዝ። ጃይካ (የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት) ፎገራ ያለውን የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ሲደግፍ የቆየው በከንቱ አይደለም። በማህበሩ ወጪ ከየዓይነቱ 1 ኪሎ ይገዛ፣ በደንብ ይታጠብ፣ ግማሽ ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ እንቅመስ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትመኑ፤ ክዳኑን ሳትከፍቱ ጨምሩበት።

ሂሳብ ሹም፦
የ2 ኪሎ ሩዝ ወጪ ጸድቋል። ካይዘንን ከጃፓን ያመጣ አገር ይህን አይከለክልም።

ብሎክ 60፦
ሌላም አለ። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ዕቃ ላይ ቀኑ የሚጻፈው በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል ነው። 26.03.10 ካለ እ.ኤ.አ. ማርች 10፣ 2026 ነው። ባለሱቁ በእኛ ልማድ ካነበበው ደህናውን ዕቃ ይጥላል፣ ወይም ያለፈበትን ይሸጥልናል።

ፀሐፊ፦
እሺ፣ የተስተካከለው ይኸው፦

"ለተከበሩ የሱቅ ባለቤቶች። አባሎቻችን በቋሚነት የሚገዟቸውን አራት ዕቃዎች እንድታቀርቡልን እንጠይቃለን፦ በተፈጥሮ የተብላላ ሶያ ሶስ፣ አልኮል ያልተጨመረበት ሚሶ፣ ኮምቡ እና ኖሪ። ለመጀመሪያው ካርቶን አባላት ቅድሚያ ክፍያ ያስይዛሉ። የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ 2 ወር ሲቀረው ሳይሸጥ የቀረውን ማህበሩ በገዛችሁበት ዋጋ ይረከባል። የቀን አጻጻፉን የሚያሳይ ወረቀት እኛ አዘጋጅተን እንሰጣለን።"

የሩዝ ኮምጣጤን አውጥቻለሁ። የአፕል ኮምጣጤ በትንሽ ውሃ አቅጥኖ ስኳር መጨመር ይበቃል። የሚቃወም አለ?

ብሎክ 18፦
እቃወም ነበር፣ ግን ዛሬ አንዴ ተሸንፌያለሁ። ኖሪው ላይ "በደንብ የታሸገ" በሉ፤ እርጥበት ከገባው እንደ ወረቀት ይታኘካል።

ሂሳብ ሹም፦
"በገዛችሁበት ዋጋ" የሚለው ደረሰኝ ሲያቀርቡ ይሁን። ቅድሚያ ክፍያው ደግሞ ቢያንስ 15 ቤት ሳይፈርም አይሰብሰብ። ያለዚያ ማህበሩ የሚሶ መጋዘን ይሆናል።

ፀሐፊ፦
ሁለቱም ገብተዋል። የሸማቾች ሱቁን እትዬ ቢያነጋግሩልን? እርስዎን እምቢ የሚል የለም።

ብሎክ 7፦
እሄዳለሁ። ብሎክ 18 ግን አብራኝ ትምጣ፣ ስለ ዋጋ የምትከራከረው እሷ ናት።