ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፣ ጋራንቲው አላለቀም፤ ላስከፍተው ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ የሳቢያኑ

ሰላም ድሬዎች፣ ሰላም ሐረሮች።

መኪናዬን አዲስ፣ ዜሮ ኪሎ ሜትር፣ ሐምሌ 2015 አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ነው የገዛሁት። የመኪናውንም የአስመጪውንም ስም አልጠራም፤ ገና እየተነጋገርን ነው። ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ናት። ጋራንቲዋ 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይይዛል። አሁን ኅዳር ነው፣ ቆጣሪው 61,000 ላይ ነው።

ችግሩ ዘይት ነው። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ቆማ ያደረችበት መሬት ላይ አንድ ጠብታ የለም። ጠዋት ሳስነሳት ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ይልና ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት ወደ ሐረር ስንወጣ ደግሞ ደንገጎ ጥምዝ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ባለቤቴ "ምንድን ነው እሱ?" አለችኝ። "ምንም አይደል" አልኳት። ያላበኝ ግን ከሙቀቱ አልነበረም።

ይሄው ሞተር ያላቸው ውጭ አገር ያሉ ሰዎችም እንዲሁ እንደሚያማርሩ አንብቤአለሁ። አስመጪው ጋ ስደውል ሁለት ነገር አሉኝ። "መኪናዋን አዲስ አበባ አምጣት" አሉ። ቀጥለው ደግሞ "ሁለት ሰርቪስ ድሬ ከእኛ ውጭ ባለ ጋራዥ ስላሠራህ ጋራንቲው ወድቋል" አሉ። ከወደቀ ለምን ላምጣት? እዚህ ያለ አንድ መካኒክ "ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ እናንሳና እንየው፣ በሁለት ቀን አስረክብሃለሁ" ይለኛል። ላስከፍታት? ወይስ ነድቼ አዲስ አበባ ልሂድ?

መልስ፦ መካኒኩ፣ ገንደ ቆሬ

አቦ እንዳታስነካት! አንዴ ከተከፈተች ክርክሩ አለቀ። አስመጪው "እናንተ ናችሁ ያበላሻችኋት" ይልሃል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እላለሁ። የቴስታታው ብሎን ላይ የቁልፍ ጭረት ካየ ይበቃዋል።

ነገሩን ላስረዳህ። ፒስቶን ላይ ያለው የታችኛው ፋሻ (ቀለበት) ሥራው ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የቀረውን ዘይት ጠርጎ ወደ ታች መመለስ ነው። ዘይቱ የሚመለስበት ቀዳዳ በካርቦን ከተደፈነ ወይም ከፋብሪካው ጀምሮ ከጠበበ፣ ዘይቱ ወደ ላይ ያመልጥና ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይነዳል። መሬት ላይ ጠብታ የማታየው ለዚህ ነው። ግን ጠዋት ብቻ ቡፍ ማለቱ ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎማም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንተም "ፋሻ ነው" ብለህ አትፈርድ። የምታየውን ብቻ ተናገር።

አሁን የምታደርገው ይሄ ነው። ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። ሜዳ ላይ አቁማት፣ ሞተሩን አጥፋ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ እስከ ላይኛው ምልክት ሙላ። የመሙያ ክዳኑና ከሥር ያለው የመድፊያ ብሎን ላይ ቀለም አስምር፤ ክዳኑ ከተነካ መስመሩ ይዛነፋል። ቆጣሪውን ጻፍ። 1,000 ኪሎ ሜትር ስትሞላ እንደገና ለካ። በየ300ው ግን መለኪያውን እያወጣህ እየው። ከታችኛው ምልክት ከወረደ ፈተናው ይቅርብህ፣ ሙላ። አስመጪው የሚያምነው ራሱ ያደረገውን ፈተና ነው። ያንተው በር ማንኳኪያ ነው።

ቀዩ መብራት ደግሞ ቀልድ አይደለም። እሱ የሚልህ "ዘይት ቀንሷል" ሳይሆን "ግፊት የለም" ነው። ደንገጎ ላይ መኪናዋ ስትታጠፍ ያለው ትንሽ ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ብሮንዚን ይደርቃል። ሁለተኛ ብልጭ ካለ ዳር ያዝና ወዲያው አጥፋ። "ዳገቱን ልጨርስ" እንዳትል።

ለመሆኑ የምትሞላው ምን ዘይት ነው?

የሳቢያኑ፦ እኛ ድሬ አንቱታ ብዙ አናውቅም እንጂ ጋሼ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አመሰግናለሁ። መጽሐፉ 5-30 ይላል። ዘይት ሻጩ ግን "ለድሬ ሙቀት ወፍራም ይሻላል" ብሎ ሃያ-ሃምሳ ሰጠኝ። አንድ ሁለቴ ሞልቻለሁ።

መካኒኩ፦ በዚህ እንኳ አስመጪው ቢከራከርህ እውነት አለው። የዛሬ ሞተር የዘይት መንገዱ ቀጭን ነው። የቫልቩን መከፈቻ ሰዓት የሚያስተካክለውም ዘይቱ ነው። ወፍራም ዘይት ጠዋት ቶሎ አይደርስለትም። መጽሐፉ ለሞቃት አገር የሚፈቅደው ሌላ ቁጥር ካለ እዚያው ሠንጠረዡ ላይ ታየዋለህ፣ ከዚያ እንዳትወጣ። ሃያ-ሃምሳውን አሁኑኑ አስደፋ። ከጠየቁህ ደግሞ አትዋሽ፤ ዘይቱን ናሙና ወስደው ሊያስመረምሩት ይችላሉ።

መልስ፦ ዘዋሪው

ወንድሜ ምን አስጨነቀህ፤ ዘይቷን ሙላና ሽጣት። ከ2016 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ያገለገለ ሁሉ ዋጋ አለው። ጅጅጋ ውሰዳት፣ በአንድ ቀን ትሸጣለች።

መልስ፦ ከሐረር፣ አራተኛ ሰፈር

ዘዋሪው፣ እኔ እንዲህ ተመክሮ ከሸጠ ሰው መኪና የገዛሁ ሴት ነኝ። ጭሱ እንዳይታይ ጠዋት ሞቅ አድርጎ አስነስቶ ጠበቀኝ። የገዛሁ ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር። አይባልም እንዲህ።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። ከዚያች መኪና በኋላ አዲስ ገዛሁ፤ እሷም በሁለተኛ ዓመቷ ሞተሯ ማንኳኳት ጀመረ። ተከራክሬ በጋራንቲ ተሠርታልኛለች፤ ስምንት ወር ፈጀ። የረዳኝ ብልጠት አይደለም፣ ፌስታል ነው። የዘይት ደረሰኝ፣ የፊልትሮ ደረሰኝ፣ ሰርቪስ የተደረገበት ወረቀት፣ አንዱንም ሳልጥል ኮመዲኖ ውስጥ በፌስታል አስቀምጥ ነበር። ባለቤቴ ይስቅብኝ ነበር። የአባቴ ልማድ ነው። እሱ ሐረር የፔጆ 404 ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ሻማ የቀየረበትን ቀን ሳይቀር ይጽፍ ነበር።

ከደረሰኙ ሌላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የዘይት መለኪያውን በነጭ ሶፍት ላይ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ። ቀጥሎ ቆጣሪውን አነሳለሁ። ስልኩ ቀኑን ራሱ ይመዘግባል። አዲስ አበባ ሄጄ ፎቶዎቹን በተርታ ሳሳያቸው፣ መጀመሪያ "ሁሉም መኪና ትንሽ ይበላል" ሲለኝ የነበረው ሰውዬ ዝም አለ።

ደግሞ ነድተህ እንዳትሄድ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገድ ላይ ብሮንዚን ከበላች "እያወቅህ ነዳህ" ይሉሃል። እኔ አስጭኜ ነው የወሰድኳት። የጫንኩበትን ደረሰኝም ፌስታሉ ውስጥ ጨመርኩት፤ ኋላ ግማሹን ከፍለውኛል።

መልስ፦ የከዚራው

"ውጭ አገርም ያማርራሉ" ያልከው ላይ ልጨምር። የታወቀ የሞተር ጉድለት ስንል ሁለት የተመዘገቡ ታሪኮች አሉ።

አንዱ የሃዩንዳይና የኪያ ቴታ 2 የሚባለው ሞተር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲመረት የክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዘንግ) የዘይት ቀዳዳ ሲበሳ የቀረ የብረት ብናኝ ዘይቱን ወደ ብሮንዚኑ እንዳይደርስ ይዘጋው ነበር። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ወደ 470,000 የሚጠጉ የሃዩንዳይ ሶናታዎች ለጥገና ተጠሩ፤ በ2017 ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ተጨመረ። ነገሩን ከውስጥ ያጋለጠው የሃዩንዳይ መሐንዲስ ነበር። ኋላ ለአሜሪካ ባለቤቶች የዚያን ክፍል ጋራንቲ አራዘሙላቸው።

ሁለተኛው የቶዮታ 2ኤዜድ-ኤፍኢ፣ ባለ 2.4 ሊትሩ ነው። ይሄ ካንተ ጋር ይመሳሰላል፤ ዘይት ይበላል። አሜሪካ ውስጥ ቶዮታ ፒስቶንና ፋሻ እየቀየረ ጋራንቲውን 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አደረሰው። መቀየሪያው መስፈርት ምን መሰለህ? ነጋዴው ጋራዥ ዘይቱን ሞልቶ ያሽገው ነበር፣ ባለቤቱ 1,200 ማይል ይነዳ ነበር፣ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ከጎደለ ይሠራለት ነበር። ገንደ ቆሬ ያለው ጋሼ የነገረህን ፈተና ማለት ነው።

ግን ልብ በል። እነዚህ ሁሉ ለአሜሪካ ገበያ የተገቡ ናቸው። አዲስ አበባ ያለውን አስመጪ አያስገድዱትም። "አምራቹ ችግሩን ያውቀዋል" ለማለት ብቻ ነው የሚጠቅሙህ። የሻንሲ ቁጥርህን ባለ 17 ፊደልና አኀዙን ከሊብሬው ላይ ገልብጠህ ለአምራቹ ዋና ቢሮ በቀጥታ ጻፍ፤ ይሄ መኪና የጥሪ ዝርዝር ውስጥ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። መጀመሪያው ፊደል ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ኤል ከሆነ ቻይና ነው የተሠራው። አንድ ስም ያለው መኪና የተለያየ አገር ይሠራል፤ ጉድለቱ የአንዱ ፋብሪካ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ሕግ ያነበብኩ ነኝ

ጠበቃህ አይደለሁም፤ የማውቀውን ልበል።

"ወድቋል" ያሉህ በስልክ ነው? እንግዲያው ገና አልወደቀም። በጽሑፍ ስጡኝ በላቸው። ጽፈው ሲሰጡ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ መጥቀስ አለባቸው፤ ያኔ ነው ብዙው ሰው የሚለሳለሰው። የጋራንቲ መጽሐፉን ራስህ አንብበው። "በውጭ ጥገና ምክንያት የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም" የሚልና "ውጭ ከተጠገነ ጋራንቲው በሙሉ ይቀራል" የሚል ለየቅል ናቸው። ዘይት መቀየር ፋሻ አያበላሽም። ሃያ-ሃምሳው ነው የሚያከራክርህ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይላል። ክስ ካስፈለገ ማስታወቂያው በተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብዳቤ ጻፍ። ምን እንደሚያደርግ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ይበቃል። "አጭበርባሪዎች" አትበል። አንዱን በሪኮማንዴ፣ በአደራ ፖስታ፣ ላክ፣ አንዱን ሰው አስይዘህ ቅጂው ላይ አስፈርም።

አዋጅ 813/2006 ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል ይላል። ያ አልፎሃል። ግን አዋጁ ራሱ የተሻለ ዋስትና ካለህ እሱን አይነካብህም።

ዘዋሪው ላለው፣ ጉድለቱን እያወቁ ደብቆ መሸጥ ራስህን ተከሳሽ ያደርጋል። ውሉ ላይ "ባለበት ሁኔታ" ብለህ ብትጽፍም አያድንህም።

የሳቢያኑ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጋራንቲ መጽሐፉን ባለቤቴ ናት ያነበበችው፤ እኔ እኮ ከላስቲኩ አላወጣሁትም ነበር። የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ በውጭ ጥገና የደረሰ ጉዳት ብቻ ነው የሚለው። ደብዳቤውን ላክሁ። በስልክ "ወድቋል" ያለኝ ሰው አሁን "ፈተናውን እኛ እናድርገው፣ ጥር ላይ አምጣት" ብሎ ጽፏል። መጫኛውን ማን ይክፈል የሚለው ላይ ገና ነን።

የራሴን ፈተና ግን ልንገራችሁ። 5-30 ሞላሁ፣ ክዳኑን በባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም አሰመርኩ፣ ጀመርኩ። 640 ኪሎ ሜትር ላይ ደቻቱ ዳር ለሚያጥብልኝ ልጅ ሰጠኋት። ስመለስ አብረቅርቃ ጠበቀችኝ። ልጁ ፈገግ እያለ "ጋሼ፣ ዘይቷ ጎድሎ አገኘሁት፣ ሞልቼልሃለሁ" አለኝ። ከራሱ ኪስ ነው የገዛው። ምን ልበለው? ከፈልኩትና ሻይ ጋበዝኩት።

መካኒኩ፦ ከዜሮ ጀምር። ምን ዘይት ነው የሞላልህ?

የሳቢያኑ፦ ሃያ-ሃምሳ።