በየክረምቱ የሚመለሰው ሻጋታ፦ ቀለም ከመቀባት በፊት ምን ላጣራ?

ጥያቄ (የልደታ ነዋሪ)

ጤና ይስጥልኝ። ልደታ አካባቢ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የእናቴ መኝታ ክፍል የሕንፃው ማዕዘን ላይ ስለሆነ ሁለቱ ግድግዳዎቹ ለዝናብና ለነፋስ የተጋለጡ ናቸው። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ከቁም ሳጥኑ ጀርባና ከጣሪያው ጥግ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል፤ ጠዋት ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ውሃ ያንጠባጥባል። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ግድግዳውን አስፍቄ አስቀባሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰ። አሁን ያነጋገርኩት ቀለም ቀቢ ግድግዳው ከውጭ ውሃ ስለሚያስገባ ክፍሉ ከውስጥ ውሃ በማያሳልፍ ቀለም መቀባት አለበት ይለኛል። እናቴ አስም ስላለባት ጉዳዩ እንቅልፍ ነስቶኛል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ በምን ላረጋግጥ?

መልስ (በግንባታ ሥራ ላይ ያለሁ)

ቀለሙን ለጊዜው ያቆዩት። በሻጋታው አጠገብ ያለውን ደረቅ የግድግዳ ክፍል በጨርቅ ይወልውሉና የደብተር ገጽ የሚያህል የአሉሚኒየም ፎይል ዙሪያውን በስኮች አሽገው ይለጥፉ፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይመልከቱት። ውሃው በክፍሉ በኩል ባለው የፎይሉ ገጽ ላይ ከተገኘ እርጥበቱ ከቤቱ አየር የመጣ ጤዛ ነው፤ ከፎይሉ ጀርባ ከተገኘ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል ማለት ነው።

እንደ አገላለጽዎ ከሆነ ጤዛ ይመስለኛል። ሙሉ በሙሉ በእርጥበት የተሞላ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ሜትር ኩብ 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ሲይዝ፣ በ10 ዲግሪ የሚይዘው 9 ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሞቀው የክፍል አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ የተረፈውን ውሃ እዚያው ይጥላል። የብሎኬት ግድግዳ በሐምሌ ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል፤ ማዕዘኑ በሁለት በኩል ስለሚቀዘቅዝ ይብስበታል፤ ቁም ሳጥኑ ደግሞ የክፍሉ ሙቀትና አየር ወደ ግድግዳው እንዳይደርስ ይጋርደዋል። ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ግድግዳውን ስለማያሞቀው ጤዛው በአዲሱ ቀለም ላይ ይቀመጣል።

መልስ (የካዛንቺስ እናት)

በእኔም ቤት ምክንያቱ ይኸው ነበር። በክረምት ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ስለማናገኝ ኮሪደር ላይ እንዘረጋለን፤ አንድ ዙር እጥበት እስከ 2 ሊትር ውሃ ወደ ቤቱ አየር ሊለቅ ይችላል። እንጀራ ሲጋገር የማእድ ቤቱን በር ዘግቼ መስኮቱን እከፍታለሁ። ቁም ሳጥኑንም ከውጭው ግድግዳ ወደ ውስጠኛው አዛውሬዋለሁ፤ ቦታ ከሌለዎት ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት። ጠዋት ዝናብ ሳይጀምር ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ለሩብ ሰዓት ይክፈቱ። የውጭው አየር እርጥብ ቢመስልም ቀዝቃዛ ስለሆነ የያዘው ውሃ ጥቂት ነው፤ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ያደርቃል። እኔ ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል።

መልስ (የአራት ኪሎ ልጅ)

ያደግሁት በአሮጌ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ እርጥበቱ ከመሬት ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ያወጣ ነበር፤ በሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው መውጫ አጥቶ ጭቃውን አበሰበሰው። የእርስዎ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ይህ አይመለከትዎትም። ክፍሉን ለማድረቅ ግን ማታ ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት ይረዳ ነበር።

መልስ (ነርስ)

ስለ ከሰሉ እባካችሁ ተጠንቀቁ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ሰው በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል። ለአስም ሕመምተኛም ጭሱ ብቻውን ጉዳት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትንና ሻጋታን ከአስም መባባስ ጋር አያይዟል፤ ስለዚህ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። እናትዎ እስኪደርቅ ድረስ በሌላ ክፍል ይተኙ፤ ሲጸዳም ከቤት ይውጡ። ሻጋታውን በደረቁ አይፈቅፍቁት፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላል። ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርገው በሳሙናና በውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉት። በረኪና ከተጠቀሙ በውሃ ያቅጥኑት፤ ከአሲድ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሻጋታው ከአንድ ሜትር ካሬ በላይ ከሆነ በባለሙያ ቢጸዳ ይሻላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ፎይሎች ለጥፌ ነበር። በማዕዘኑ ላይ ያለው በክፍሉ በኩል ረጠበ፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው ግን ከጀርባው ነው የረጠበው። ቁም ሳጥኑን አዛውሬአለሁ፤ እናቴም ሳሎን ትተኛለች። ከመስኮቱ ሥር ያለውን ምን ላድርገው?

መልስ (በግንባታ ሥራ ላይ ያለሁ)

እንግዲያው ሁለት ችግር አለብዎት፤ ቀለም ቀቢው በመስኮቱ በኩል እውነት ነበረው። የመስኮቱ ብረት ከልስኑ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በውጭ በኩል ያስፈትሹ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚገባው በዚያ ስንጥቅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ራስዎ በመስኮት ተንጠልጥለው አይሞክሩት፤ መወጣጫ ያለው ባለሙያ ስንጥቁን በደረቅ ቀን በሲሊኮን ይድፈነው። የመስኮቱ ደፍም ወደ ውጭ ያዘነበለ መሆኑን ይይ፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ሲሊኮኑ ብቻውን አይበቃም። የራሰው ልስን ለመድረቅ ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ ቀለሙን ከጥቅምት በፊት አያስቀቡ።