ላስ ቬጋስ የኒዮን ሙዚየም፦ ቀን ይሻላል ማታ?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጁላይ ላይ ከእናቴ ጋር ዘመድ ጥየቃ ላስ ቬጋስ እንሄዳለን። ካዚኖ አይስበኝም። የድሮ ሆቴሎችና ካዚኖዎች ታፔላ ሜዳ ላይ የተሰበሰበበት ሙዚየም አለ ሲሉ ከሰማሁ ጀምሮ ግን ልቤ እዚያ ነው። የሚመቸን አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ቀን እንሂድ ማታ? እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ደግሞ እውነቱን ንገሩኝ፣ ዝገት ለማየት ነው እንዴ የምከፍለው?

የማታ ሹፌር፦
ማታ ነዋ እህቴ፣ ምን ጥያቄ አለው! እዚሁ ከተማ ታክሲ ነው የምነዳው። ጁላይ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ጥላ ብሎ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቲኬቱ በሰዓት የተከፋፈለ ነው፣ የምሽቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብለሽ ኦንላይን ቁረጪ። ቦታው መሃል ከተማ ካለው ከፍሪሞንት ጎዳና ብዙ አይርቅም፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ካሉበት ከስትሪፕ ተነስቶ በእግር መሄድ ግን አይታሰብም።

ዝገት ወዳጅ፦
አልስማማም። ማታ ሁሉም የሚበራ መስሏት ከሄደች ቅር ይላታል። የሚበዙት አልተጠገኑም፣ የሚታዩት መሬት ላይ በተተከለ ፓውዛ ነው። ራሳቸው የሚበሩት ጥቂት ናቸው፣ ለምሳሌ ያ ትልቁ የሃርድ ሮክ ካፌ ጊታር። ቀን ከሆነ ግን ጠጋ ብለሽ ስራውን ታያለሽ። የስታርደስት ሆቴል ፊደሎች ላይ አምፖል የወለቀባቸው ቀዳዳዎች፣ የተላላጠው ቀለም፣ በእሳት እየተለበለበ በእጅ የታጠፈው የብርጭቆ ቱቦ... ሆቴሉ ራሱ እኮ እ.ኤ.አ. በ2007 በፈንጂ ፈርሷል፣ ታፔላው ነው የተረፈው። በነገራችን ላይ ቱቦው ውስጥ የሚሞላው ንጹህ የኒዮን ጋዝ ቀይ ብርቱካናማ ብርሃን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሰማያዊው አርጎን የሚባል ሌላ ጋዝ ከትንሽ ሜርኩሪ ጋር ነው፣ ሌላው ቀለም ደግሞ ከቱቦው የውስጥ ቅብ ይመጣል። ዝገት ላልሽው፣ አዎ፣ ዝገት ነው፣ ግን ያምራል!

ግንበኛው፦
ሁለታችሁም መግቢያውን ረሳችሁት። ያ እንደ ዛጎል የታጠፈ ኮንክሪት በ1961 የተሰራው የላ ኮንቻ ሞቴል እንግዳ መቀበያ ነው። ንድፉ የፖል ዊሊያምስ ነው፣ በ1923 የአሜሪካ አርክቴክቶች ማህበር የመጀመሪያው ጥቁር አባል የሆነው ሰውዬ። ሊፈርስ ሲል ቆራርጠው በመኪና አምጥተው እዚህ ገጣጠሙት።

ከታፔላዎቹ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ሙላን ሩዥን እመርጣለሁ። ያኔ በ1950ዎቹ ስትሪፕ ላይ ጥቁር ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲያስጨበጭብ ያመሻል፣ እዚያው ሆቴል አልጋ መያዝ ግን አይፈቀድለትም። ሙላን ሩዥ በ1955 ሲከፈት በከተማዋ ነጭም ጥቁርም በእኩል የሚስተናገድበት የመጀመሪያው ሆቴልና ካዚኖ ነበር። ያው በዚያው ዓመት ተዘጋ። ታፔላውን የነደፈችው ቤቲ ዊሊስ ናት፣ ቱሪስት ሁሉ ተሰልፎ ፎቶ የሚነሳበትን የከተማዋን የእንኳን ደህና መጡ ታፔላም የሰራችው እሷው ነች። ተረካው ስለሚያስፈልግ አስጎብኚ ያለበትን ቲኬት ያዙ።

መንገደኛዋ፦
ተባረኩ! እና ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ብንገባ ሁለቱንም አናገኝም? የእናቴስ ነገር?

ዝገት ወዳጅ፦
እሱ ያስታርቀናል። በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በፈረንጅ 8 ሰዓት ገደማ ነው፣ ትንሽ ቀደም ያለውን ያዙ። ትሪፖድ (የካሜራ ማቆሚያ) ግን አያስገቡም።

የማታ ሹፌር፦
እማማ ነጠላ ጫማ እንዳያደርጉ። መሬቱ ጠጠር ነው፣ ስብርባሪ ብርጭቆና የዛገ ብረትም አይጠፋም። ግቢው ሰፊ አይደለም፣ ቀስ እያሉ ይዞሩታል። ውሃ ያዙ።

መንገደኛዋ፦
ቆረጥኩ! እናቴ ግን "ታፔላ ለማየት ነው ብር የከፈልሽው?" ብላ እስካሁን እያጉረመረመች ነው 😂