የላንጌ ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ጸሐፊው፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ረቂቁ እነሆ። በጥቅምት ውስጥ ባለ አንድ ቅዳሜ ከቶሪኖ ተነሥተን ላንጌ በሚባለው የጣሊያን የወይን ኮረብታ አካባቢ ወዳለችው የባሮሎ መንደር እንሄዳለን። ሦስት ካንቲና (የወይን ጠጅ መጥመቂያ) ጎብኝተን በሦስቱም በመንደሯ ስም የሚጠራውን ቀይ ወይን ጠጅ፣ ባሮሎን፣ እንቀምሳለን። ምሳ አልባ ከተማ። ማሻሻያ ያላችሁ እስከ እሑድ ጻፉ።

ምግብ ቤት የምትሠራው አባል፦
እጅዎ ይባረክ፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ባሮሎ ብቻ ይከብዳል። ባሮሎ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከሚባለው የወይን ዝርያ ብቻ ነው፤ ሕጉ ሌላ ዝርያ እንዲቀላቀልበት አይፈቅድም። ኔቢዮሎ ደግሞ አታላይ ነው። በብርጭቆ ሲያዩት ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ ለስላሳ ይመስላል፤ አፍ ሲገባ ድድ ጨምድዶ ይይዛል። ለአክስቴ ቀድቼላት “ያልበሰለ ሙዝ ከነልጣጩ አስነከስሽኝ” ብላኛለች። ዶልቼቶ በሚባለው ቀይ ወይን ጠጅ እንጀምር። ስሙ “ጣፋጭዬ” እንደ ማለት ቢሆንም ወይን ጠጁ አይጣፍጥም፤ ኮምጣጣነቱ ግን ዝቅ ያለ ነው። ቀጥሎ ባርቤራ የሚባለው ሌላው ቀይ፤ እሱ በተቃራኒው ኮምጠጥ ይላል፣ ድድ ግን አይዝም። ኔቢዮሎ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ገንዘብ ያዡ፦
ለኪሳችንም ይሻላል። ጉባኤው “ለአንድ ጠርሙስ ይህን ያህል?” እንዳይለን ምክንያቱን እንጻፍ። ባሮሎ ከመከሩ ዓመት ኖቬምበር 1 ጀምሮ ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል። ሪዘርቫ የሚባለው ባሮሎ 62 ወር። ያን ሁሉ ጊዜ የአምራቹ ገንዘብ ጓዳ ውስጥ ተኝቷል። ባርባሬስኮ የሚባለው ወይን ጠጅም የኔቢዮሎ ልጅ ነው፣ 26 ወር ይበቃዋል። አንዱን ባሮሎ በእሱ ብንተካስ?

ጸሐፊው፦
ይቻላል። አልባ መሃል ላይ ናት፤ የባሮሎ መንደር ከእሷ በደቡብ ምዕራብ፣ የባርባሬስኮ መንደር በሰሜን ምሥራቅ።

ከአባቶች አንዱ፦
ጥቅምት እኮ ጾመ ጽጌ ነው። የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾም አለ። የአልባ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጾም ላይ ሊያደርሱኝ ነው? ድድ የሚጨመድድ ነገርም አልፈልግም።

ምግብ ቤት የምትሠራው አባል፦
እውነትዎን ነው አባባ። ጥሬው የጥጃ ሥጋ ነው፤ በቢላ ይከተከታል፣ የወይራ ዘይትና ሎሚ ይነካዋል። ሚጥሚጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ከኔቢዮሎ ጋር ሲገናኝ ማቃጠሉም ድድ መያዙም ይብሳል። ለእርስዎ ሞስካቶ ዳስቲ አለልዎት፤ ጣፋጭ፣ ትንሽ አረፋ ያለው፣ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ። ከጠጅ ይልቅ ለብርዝ ይቀርባል። ጊዜውን ከመስቀል በፊት ወዳለው ቅዳሜ እናምጣው። ከአልባው የነጭ ትሩፍል (ከመሬት ሥር የሚበቅል ውድ እንጉዳይ) ገበያ ግፊያ እናመልጣለን፤ ኔቢዮሎም ዘግይቶ ስለሚበስል ገና ተክሉ ላይ ተንጠልጥሎ እናየዋለን።

ከአባቶች አንዱ፦
ሚጥሚጣውን ለሞስካቶው እይዛለሁ።

ጸሐፊው፦
የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል፦ “ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ በፒየሞንቴ ወደሚገኘው ላንጌ የአንድ ቀን ጉዞ ይደረግ። ቅምሻው በዶልቼቶ ተጀምሮ በባርቤራና በባርባሬስኮ በኩል ባሮሎ ላይ ያብቃ፤ ለሚፈልግ ሞስካቶ ይቅረብ። በ2014 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የወይን ተክል መልክዓ ምድር ለማየት በግሪንዛኔ ካቩር ቤተ መንግሥት አንድ ሰዓት ይመደብ። ማንም አባል መኪና እንዳይነዳ ሹፌር ያለው ሚኒባስ ይከራይ።”

ገንዘብ ያዡ፦
የሚኒባሱን ዋጋ ነገ ጠይቄ እጽፋለሁ።